በሳንባ ምች ገብቶ ከስቶ የሚወጣ ልጅ

ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ መጀመሪያ ከሚደረጉለት ነገሮች አንዱ ሚዛን ላይ መውጣት ነው። ነርሷ ታነባለች፣ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። 7 ኪሎ። ቁጥሩ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። አምፒሲሊን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ ለ7 ኪሎ 350 ሚሊ ግራም ይታዘዛል። ፓራሲታሞሉ የሚሰላው በዚሁ ቁጥር ነው። ጉሉኮሱም እንዲሁ።

ግን የማን 7 ኪሎ ነው? የ5 ወር ልጅ ከሆነ ደህና ክብደት ነው። የ2 ዓመት ልጅ ከሆነ ግን ከባድ አደጋ ላይ ያለ ልጅ ነው። የመድኃኒት ስሌቱ ይህን አይጠይቅም። 350 ሚሊ ግራሙ ለሁለቱም እኩል ይወጣል።

ብዙ ቦታ ክብደት የሚለካው ለመድኃኒት ተብሎ ነው። ልጁ በዕድሜውና በቁመቱ ስንት መመዘን ነበረበት ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ የቀረው ያንኑ ቁጥር በሌላ ዓይን ደግሞ ማንበብ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ሆስፒታል የሚተኛ ልጅ ሁሉ፣ በምንም በሽታ ይግባ፣ አመጋገቡ በገባበት ቀን መታየት አለበት። ተኝቶ እስካለ ድረስም መታየቱ መቀጠል አለበት።

በአገራችን የምግብ እጥረት ሕክምና የለም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ለዓለም ያሳየችው አለ። እ.አ.አ. በ2000 ሐዲያ ውስጥ፣ ባዳዋቾ፣ በጣም የተጎዱ ልጆችን ሳያስተኙ በተመላላሽ ማከም ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነበር። ዛሬ እናቶች ከጤና ጣቢያ ፕላምፒ ናት የሚባለውን ከኦቾሎኒ የተሠራ ማገገሚያ ምግብ እየወሰዱ ልጃቸው ቤት ውስጥ እንዲያገግም የሚያደርጉበት አሠራር ከእንዲህ ያለ ሙከራ የመጣ ነው። ምግብ አልበላ ያለው ወይም ሌላ በሽታ የተደረበበት ልጅ ደግሞ ማረጋጊያ ክፍል ይተኛል። ሠራተኛው «ኤስሲ» የሚለው ክፍል ነው። እዚያ ልጁ በየቀኑ ይመዘናል፣ ክንዱ ይለካል፣ ወተቱ በሚሊ ሊትር ተሰፍሮ ይሰጠዋል።

ችግሩ ያለው ከዚያ ክፍል ውጪ ነው። በፈላ ውሃ ተቃጥሎ የተኛው አለ። እግሩ ተሰብሮ የተሰቀለው አለ። የልብ ክፍተት ያለበት፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስደው፣ ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው አለ። እነዚህ ልጆች «የምግብ እጥረት» የሚል ምርመራ ካርዳቸው ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ምግባቸው የቤተሰብ ጉዳይ ተደርጎ ይተዋል። ነገር ግን እ.አ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ያጠሩ፣ 7 በመቶዎቹ ደግሞ የቀጨጩ፣ ማለትም ለቁመታቸው የከሱ ነበሩ። በሌላ በሽታ ከሚተኙት ውስጥ ብዙዎቹ ገና ከበር ሲገቡ ተጎድተው ነው የሚመጡት ማለት ነው።

የድህነት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ የፓሪሱን ጥናት ልንገረው። እ.አ.አ. በ2000 የታተመ ነው። ሆስፒታል የተኙ 296 ልጆች ክትትል ተደረገባቸው። ከመቶ 65ቱ እዚያው እያሉ ክብደት ቀነሱ። ከመቶ 45ቱ ከክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ አጡ። ፓሪስ ነው እንግዲህ፣ ወጥ ቤት ያለው፣ የአመጋገብ ባለሙያ ያለው ሆስፒታል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ሦስት ነገር ጎልቶ ወጣ። የበሽታው ክብደት፣ ከቀረበለት ምግብ ከግማሽ በታች መብላቱና የሚያመው መሆኑ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቁም። ሲያመው የሚውል ልጅ አይበላም። ማስታገሻ በሰዓቱ መስጠት ከአመጋገብ ሕክምና ይቆጠራል ብሎ የሚያስብ ስንቱ ነው?

በኋላም እ.አ.አ. በ2015 የታተመ፣ 12 የአውሮፓ አገሮችን ያካተተ ጥናት ከ2,500 በላይ ልጆችን አይቷል። 7 በመቶዎቹ ሲገቡ ጀምሮ ለቁመታቸው የማይመጥን ዝቅተኛ ክብደት ነበራቸው። እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ከ1 ቀን በላይ ዘግይተው ነው የወጡት። አንድ ተጨማሪ ቀን ለሆስፒታሉ አልጋ ነው። ለቤተሰቡ የቀረ የቀን ሥራ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ ቤት ለጎረቤት የተተዉ ልጆች ነው።

ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ ለምን ይከሳል? ትኩሳት አንዱ ነው። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፍላጎቱ ሲጨምር የምግብ ፍላጎቱ ግን ይዘጋል። ተቅማጥና ትውከት ከተጨመረ የበላውም አይቀመጥም። «ሆዱን እናሳርፈው» ብሎ ምግብ የሚከለክል ዘመድም አይጠፋም። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ሆስፒታሉ ራሱ የሚያመጣቸው ምክንያቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ጉሉኮስ ነው። «ጉሉኮስ ተሰክቶለታል» የሚለው ወሬ ቤተሰብን ያረጋጋል። ልጁ አልበላም? ግድ የለም፣ ጉሉኮስ አለው ይባላል። ሒሳቡን እንሥራው። ባለ5 በመቶ ጉሉኮስ 1 ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። ጉልበቱ ከ200 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 800 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ያስፈልገዋል። ሊትሩን ሙሉ ቢወስድ እንኳ የሚያገኘው ሩቡን ቢሆን ነው። ፕሮቲን የለውም፣ ቅባት የለውም። ጉሉኮስ ፈሳሽ ይተካል፣ ስኳር እንዳይወርድ ይረዳል። ሦስት ቀን በጉሉኮስ ብቻ የቆየ ልጅ ግን ሦስት ቀን ተርቧል። ይህን ለእናትየው በግልጽ መንገር የሐኪሙ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ለቀዶ ጥገና ተብሎ የሚታዘዘው ጾም ነው። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ» ይባላል። ልጁ ውሃ እያለ ያነጋል። እስከ ቀትር ይጠብቃል። ከዚያ «ዛሬ ወረፋ አልደረሰውም፣ ነገ» ይባላል። ማታ ትንሽ ነገር ይቀምሳል፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደገና ይከለከላል። እንዲህ ሆኖ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያልፍበት ልጅ አለ። ሳይንሱ ይህን ያህል አይጠይቅም። እ.አ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያ፣ ልጆች ማደንዘዣው ሊሰጣቸው 1 ሰዓት እስኪቀር እንደ ውሃ ያለ ንጹሕ ፈሳሽ፣ 3 ሰዓት እስኪቀር የእናት ጡት፣ 4 ሰዓት እስኪቀር የቆርቆሮ ወተት እንዲወስዱ ይፈቅዳል። የትኛውን መመሪያ እንከተል የሚለውን የማደንዘዣ ባለሙያዎቻችን ይወስኑ። ሕፃናትን ግን የወረፋው መጀመሪያ ላይ ማድረግ ማንንም ገንዘብ አይጠይቅም። ቀጠሮው ሲሰረዝ በዚያችው ደቂቃ «አብሉት» ብሎ ለእናትየው መንገርም እንዲሁ።

ሦስተኛው አስታማሚዋ ናት። ልጇን የምታጠባ እናት ወንበር ላይ እያደረች፣ ለራሷ በቀን አንዴ በልታ፣ ወተት ከየት ታመጣለች? ለልጁ የሚመጣው ምግብም የሚወሰነው ቤት ውስጥ በተሠራው ነው። ሁዳዴ ከሆነ 55 ቀን ሙሉ ድስቱ የጾም ድስት ነው። በልማዳችን ልጅ ከ7 ዓመቱ በፊት አይጾምም፣ የታመመም ጾም አይያዝበትም። ሆኖም ለአንድ ልጅ ብሎ እንቁላልና ወተት ለብቻ የሚሠራ ቤት ብዙ አይደለም። ስለዚህ በሳህኑ የሚመጣው ሽሮ ፍትፍት ነው። የንስሐ አባት አንድ ቃል ቢናገሩ ከነርሷ አሥር ምክር የበለጠ ይሰማል። ሆስፒታሎች ይህን በር ቢያንኳኩ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የተጎዳውንና ሊጎዳ የሚችለውን ልጅ እንዴት ቶሎ እንለየው? ለዚህ የተዘጋጁ አጫጭር መጠይቆች አሉ። እኔ የምወደው ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራውን ስትሮንግ ኪድስ ነው። እ.አ.አ. በ2010 ውጤቱ ሲታተም በ44 ሆስፒታሎች ለ424 ልጆች ተሞክሮ ነበር። ከመቶ 98ቱ ልጆች መጠይቁን መሙላት ተችሏል። ከመቶ 62ቱ ልጆች የተወሰነ ስጋት እንዳለባቸው አሳይቷል። ያለው አራት ጥያቄ ብቻ ነው። ልጁ በዓይን ሲታይ የከሳና የጎደለ ይመስላል? የመጣበት በሽታ ራሱ የሚያከሳ ነው፣ ወይስ ትልቅ ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል? ሰሞኑን ምግቡን ቀንሷል፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት አለው? ክብደት ቀንሷል፣ ወይም ሕፃን ከሆነ መጨመር አቁሟል? ሁለተኛው 2 ነጥብ፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። 4 እና 5 ያመጣ ልጅ ከፍተኛ ስጋት አለበት።

ይህን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይበቃም። «ክብደቱ ቀንሷል?» ስትላት ብዙ እናት የድሮውን ክብደት አታውቀውም። «ልብሱ ሰፍቶታል?» ብትላት ግን ወዲያው ትመልስልሃለች። «ድሮ ስንት ጊዜ ይጠባ ነበር፣ አሁንስ?» ብትላትም ታውቀዋለች። መጠይቁ በእናቶች አፍ ተስማምቶ መዘጋጀት አለበት። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፣ መለካት ይጨመርበታል።

መለኪያው ርካሽ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ባለ ቀለም የክንድ መለኪያ አለ፤ ሙአክ ይሉታል። ግራ እጁን ይዘህ በትከሻው ጫፍና በክርኑ መካከል ያለውን ቦታ ትፈልጋለህ። እጁን ዘና አድርጎ ያንጠለጥላል። መለኪያው ቆዳውን ይነካል እንጂ አይጨምቅም። ሲጨመቅ ጤነኛው ቀይ ይሆናል፣ ሲላላ የተጎዳው አረንጓዴ ይሆናል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከባድ እጥረት። እስከ 12.5 ቢጫ። ከዚያ ሁለቱንም እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ለ3 ሴኮንድ ያህል ትጫናለህ። ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት አለ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም።

እግር መጫኑን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እብጠት ያለበት ልጅ ግን ፊቱ ሞላ ብሎ ወፍራም ይመስላል። ሚዛኑም ውሃውን ጨምሮ ይመዝናል። ሆዱ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ያለበት ልጅም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ከክብደቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎው ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ ክንዱ ግን ቆዳና አጥንት ነው። ለካንሰር ልጆች የክንድ ልኬት ከሚዛን የበለጠ እውነት የሚናገረው ለዚህ ነው። የልብ ክፍተት ያለበት ሕፃን ደግሞ ጡት ሲጠባ ይደክመዋል፣ ያልበዋል፣ ሳይጠግብ ይተኛል። እናትየው «ሰነፍ ነው» ትላለች። ሰነፍ አይደለም፣ ልቡ ነው።

በእሳት ወይም በፈላ ውሃ የተቃጠለውን ልጅ በተለይ ማንሳት እፈልጋለሁ። ሲገባ ወዝ ያለው፣ የሚሮጥ ልጅ ነበር። ክንዱ አረንጓዴ ነው። ቁስሉ ፕሮቲን ይበላል፣ ያቃጥላል፣ ፈሳሽ ያፈሳል። ቁስሉ ሊታጠብ ሲል ይጾማል፣ ከታጠበ በኋላ ሲያመው ይውላል። በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ልጅ ይሆናል። በገባበት ቀን የተለካው ክብደት ካርዱ ላይ እንዳለ ነው፣ መድኃኒቱም በእሱ ይሰላል። ማንም ዳግም አልመዘነውም። ስለዚህ መለካት የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ መቅረት የለበትም። ሕፃኑ ትንሽ ከሆነ በየቀኑ፣ ትልቁ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ይመዘን። የበላው ደግሞ ይጻፍ። «ግማሽ ሳህን አጥሚት፣ አንድ እንቁላል፣ ጡት 4 ጊዜ» ከተጻፈ በማግሥቱ ራውንድ ላይ ሐኪሙ የሚያየው ነገር አለ። «በደንብ ይበላል» የሚለው ቃል ግን ምንም አይነግርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጣም የተጎዳ ልጅ ሲገኝ ዘመድ ሁሉ ሊያጠግበው ይሮጣል። ይህ ሊገድለው ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ባንዴ ይወርዳል። ልብም ትደክማለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከምርኮ የተፈቱ ሰዎች ምግብ ካገኙ በኋላ መሞታቸው ነው ሐኪሞችን መጀመሪያ ያነቃቸው። ለዚህ ነው ሕክምናው ኤፍ 75 በሚባለው ወተት የሚጀመረው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው፣ ፕሮቲኑም አነስተኛ ነው። 7 ኪሎ የሚመዝን እብጠት የሌለበት ልጅ በየ2 ሰዓቱ 75 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። በቀን 12 ጊዜ ማለት ነው። ልጁ ሲረጋጋ ነው ቀስ እያለ የበለጠ ጉልበት ወዳለው ኤፍ 100 ወደሚባለው ወተት ወይም ወደ ፕላምፒ ናት የሚሻገረው።

ከ12ቱ ውስጥ ከባዱ የሌሊቱ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እናትየው ከሦስት ቀን ድካም በኋላ እንቅልፍ ጥሏታል። ነርሷ ብቻዋን ናት፣ ከወዲያ በኩል ኦክስጅን የምትቀይርለት ልጅ አለ። ወተቱ ተበጥብጦ ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያ ሰዓት ከታለፈ፣ የ10 ሰዓቱም ከታለፈ፣ ሲነጋ ልጁ ስኳሩ ወርዶ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሊገኝ ይችላል። ለሌሊቱ ተረኛ አንድ ሰው መጨመር ብዙ ውድ መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ ልጅ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ሠራተኞች የሚያነሱት ቅሬታ አለ፣ እውነትም አለው። «አንድ ነርስ ይህን ሁሉ ልጅ ይዛ መቼ ትለካለች? ለክታስ ምን ልትሰጠው?» ይላሉ። የመጀመሪያውን በተመለከተ ልጁ ሚዛን ላይ ቀድሞውኑ ወጥቷል። የተጨመረው የክንድ መለኪያውና አራቱ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። ሆኖም ለመጀመሪያው ቀን ከሚያስፈልጉት ብዙዎቹ ከመጋዘን አይመጡም። ጡት ማጥባት እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ አጥሚቱ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት መጨመር፣ ማስታገሻውን ከምግብ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ መስጠት፣ ለአስታማሚዋም አንድ ሳህን ማቅረብ። አልዋጥ ያለውን ልጅ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ መመገብም ይቻላል። ቱቦውን ብዙ እናቶች የመጨረሻ ምልክት አድርገው ይፈሩታል። ለጥቂት ቀን የሚያግዘው መሆኑ በእርጋታ ሲነገራቸው ይቀበላሉ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የባሰ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያትም አለ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.አ.አ. በኤፕሪል 2025 ገንዘብ ስላጠረው ኢትዮጵያ ውስጥ ለ650 ሺህ የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና እንደሚያቆም አስታውቋል። የውጭ እርዳታው ሲሳሳ መካከለኛ ጉዳት ላይ ያለው ልጅ ከማኅበረሰቡ ውስጥ የሚያገኘው ይቀንሳል። ያ ልጅ በሳንባ ምች ወይም በኩፍኝ ታሞ ሆስፒታል ይመጣል። ያኔ በገባበት ቀን ካልተለየ ሌላ የሚለይበት ቦታ ላይኖር ይችላል።

መውጫውም እንደ መግቢያው መታየት አለበት። ቼይን የተባለው ጥናት በስድስት የአፍሪካና የእስያ አገሮች፣ ኬንያና ኡጋንዳን ጨምሮ፣ ከ2 እስከ 23 ወር የሆኑ 3,101 የተኙ ልጆችን ተከታትሏል። ውጤቱ የታተመው እ.አ.አ. በ2022 ነው። 350ዎቹ ሞቱ። ከእነዚህ 168ቱ፣ ማለትም ግማሽ የሚጠጉት፣ የሞቱት «ድኗል» ተብለው ወደ ቤታቸው ከተላኩ በኋላ በ6 ወር ውስጥ ነው። ይህን ቁጥር ደግሜ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ሳንባ ምቹ ታክሟል። ልጁ ግን ሌላ ጉንፋን፣ ሌላ ተቅማጥ የሚቋቋምበት አቅም ይዞ አልወጣም።

ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱ ላይ የመድኃኒት ስም ብቻ ተጽፎ መሰጠት የለበትም። ሲገባ የነበረው ክብደት፣ ሲወጣ ያለው ክብደት፣ የክንዱ ልኬት፣ የሚከታተለው የጤና ጣቢያ ስምና የቀጠሮ ቀን ይጻፍበት። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይደወል። ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ለ6 ወር በየወሩ የልጁ ክንድ ይለካ። ሐኪሙ ካልጻፈው እናትየው ወይም አባትየው ከመውጣታቸው በፊት «ሲገባ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቀንሶ ከሆነም «የት ነው የምንከታተለው?» ይበሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።